ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ርቀት አስቡ

ከአንድ እንስሳ የሚለያችሁን ርቀት በግማሽ ብትቀንሱት፣ እንስሳው በፎቶው ላይ የሚይዘው ስፋት አራት እጥፍ ያድጋል። ያንኑ በሌንስ ላግኝ ያለ ሰው ከ300 ሚሊሜትር ወደ 600 ሚሊሜትር መሸጋገር አለበት፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ ክብደትና ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ ሳይቀር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ማለት ነው። የዱር እንስሳትን ፎቶ ማንሣት በትርፍ ጊዜዬ ከያዝኩት ወዲህ ያገኘኋቸው ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የመጡት እንስሳው እንድቀርበው ስለፈቀደልኝ ነው። ረጅም ሌንስ አለኝ፤ እወደዋለሁም። ለጀማሪ ግን ከሌንሱ በፊት የምነግረው ብዙ ነገር አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ አየር። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ሜዳ ላይ 150 ሜትር ርቆ የቆመ ሚዳቋ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሌንስ ብትይዙ ጠጉሩ ተለይቶ አይታይም። ጠርዙ ይሟሟል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል። ከጋለ መሬት የሚነሣው ሞቃት አየር ከላዩ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል፤ ሌንሱ በረዘመ መጠን መጣመሙም አብሮ ይጎላል። ብዙ ሰው ሌንሱ የተበላሸ ይመስለውና ወደ ጥገና ይሮጣል። ከዚያ በፊት በዚያው ሌንስ 15 ሜትር ላይ ያለ የዛፍ ቅርፊት አንሡና አጉልታችሁ እዩት። ቅርፊቱ ጥርት ብሎ ከወጣ ችግሩ በእናንተና በሚዳቋው መካከል ያለው አየር ነው። ይህን አስተካክሎ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም የለም። ወይ መቅረብ ነው፣ ወይ ምድር ሳትግል በማለዳ መገኘት። መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያነሣም ያው ነው፦ ሞተሩ በጋለ መኪና ኮፈን ላይ አሻግራችሁ አታንሡ። በብርዳማ ማለዳ ደግሞ መስኮት ሲከፈት የመኪናው ሙቀት በሌንሱ ፊት ለፊት ስለሚወጣ፣ ማሞቂያውን ቀድማችሁ አጥፉና ውስጡ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

እያንዳንዱ እንስሳ ሰው ሲቀርበው የሚሸሽበት ርቀት አለው። የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ተመራማሪ ሃይኒ ሄዲገር ይህን የሽሽት ርቀት ብሎ ገልጾታል። ርቀቱ ቋሚ አይደለም። አደን ባለበት ይረዝማል፤ ሰው በየቀኑ በሰላም በሚያልፍበት ያጥራል። ለመማሪያ ሰው የለመዱ እንስሳትን ምረጡ የምለው ለዚህ ነው። በሕዝብ መናፈሻ ኩሬ ላይ ያሉ ዳክዬዎች ሩቅ በረሃ ካለ ብርቅዬ አውሬ ይልቅ ብዙ ያስተምራሉ፤ በየቀኑ ተመልሳችሁ ታገኟቸዋላችሁና።

ከሽሽት ርቀቱ በፊት ግን ሌላ፣ ሰፋ ያለ ክልል አለ። እዚያ ውስጥ ስትገቡ እንስሳው አይሸሽም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። እኔ የምጠብቀው ይህንን ለውጥ ነው። ሚዳቋ ከሆነ መንጋጋውን እዩ። ሣር እየጋጠ መንጋጋው ቀጥ ካለ፣ ጭንቅላቱን ገና ባያነሣም፣ ሰምቷችኋል ማለት ነው። ቀጥሎ ጆሮዎቹ ወደ እናንተ ይዞራሉ፣ ከዚያ አንገቱ ይመዘዛል። መንጋጋው በቆመበት ቅጽበት እናንተም ቁሙ፤ አንድ እግር አየር ላይ ቢቀር እንኳ ቀስ ብላችሁ አሳርፉት እንጂ ወደፊት አትራመዱ። መንጋጋው እንደገና ማመንዠክ ሲጀምር ያን ጊዜ ተንቀሳቀሱ። የፊት እግሩን መሬት ላይ ከመታ ግን ጉዳዩ አልቋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱለት። ወፍ ደግሞ ላባውን ማበጠሩን ትቶ አንገቱን ይመዛል፣ ደረቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል፣ ብዙ ጊዜም ሊበር ሲል ኩሱን ይጥላል።

ይህንን ሁሉ የምለው ለእንስሳው በማሰብ ብቻ አይደለም። የደነገጠ እንስሳ ፎቶ አያምርም። አንገቱ ድርቅ ብሎ፣ ዓይኑ ፈጦ ወደ ካሜራው የሚያይ አውሬ ያነሣ ሰው ያነሣው የራሱን መምጣት ነው። ልጇን የምትልስ፣ የሚያዛጋ፣ ጥንዚዛ የሚያባርር እንስሳ የሚገኘው እናንተ ከቁም ነገር ሳትቆጠሩ ስትቀሩ ነው።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአጥቢ እንስሳና ለወፍ ደንቡ ተቃራኒ ነውና። አጥቢዎች በአፍንጫ ይኖራሉ። ስለዚህ ነፋሱ ከእነሱ ወደ እናንተ መንፈስ አለበት፤ ፊታችሁ ላይ ካልተሰማችሁ ዞራችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ። አቅጣጫውን ለማወቅ ደረቅ ሣር ቆርጣችሁ ከእጃችሁ ልቀቁት። ወፎች ግን ሲነሡም ሲያርፉም ፊታቸውን ወደ ነፋስ ያደርጋሉ። ነፋሱን ከጀርባችሁ ካደረጋችሁ ወፉ ሲነሣ ወደ እናንተ ዞሮ ይነሣል፤ ፊቱን ታገኛላችሁ። በተቃራኒው ከቆማችሁ የምታገኙት የሚሸሽ ጭራ ነው። በማለዳ ፀሐይም ነፋስም ከጀርባ የሆኑበት ቀን ለበራሪ ወፍ ከሁሉ የተመረጠው ቀን ነው። ሁለቱ ከተጣሉ እኔ ብርሃኑን አስቀድማለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ በሆድ ተኝቶ መጠበቅ። ጭቃማ የውኃ ዳር ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ምግብ ሲለቅሙ ካያችሁ ወደ እነሱ አትሂዱ። ለጥቂት ጊዜ ራቅ ብላችሁ አስተውሉ። የውኃውን ጠርዝ ተከትለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ ጭቃውን በምንቃራቸው እየወጉ፣ አንድ ሁለት እርምጃ እየሄዱ። አቅጣጫቸውን ካወቃችሁ ሰፊ ክብ ዞራችሁ ከፊታቸው ቅደሙ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ጠርዙ አጠገብ ተኙ። ካሜራውን መሬት ላይ፣ ወይም መሬቱ እርጥብ ከሆነ በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ምንም አታድርጉ።

በመጀመሪያ የሚደርሰው ደፋሩ ነው። በ30 ሜትር ቆም ብሎ ያያችኋል። አንድ ዓይኑን ወደ እናንተ፣ ከዚያ አዙሮ ሌላኛውን። መሬት ላይ የተጋደመ ነገር እንደ ቆመ ሰው አያስፈራውምና መልሶ መልቀም ይጀምራል። 20 ሜትር። ትል ከጭቃው ሲስብ ይታያችኋል፤ ትሉ እንደ ጅማት ይለጠጣል፣ ወፉ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ ከዚያ ትሉ ይለቅና ወፉ ይንገዳገዳል። 10 ሜትር ላይ ሲደርስ የምንቃሩ ጫፍ ላይ ያለችው የውኃ ጠብታ ሳትቀር ትታያለች። አንዳንዴም ሌንሳችሁ ፎከስ ማድረግ ከሚችልበት ዝቅተኛ ርቀት ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። የመጀመሪያውን ፎቶ ገና ሩቅ ሳለ አንሡ፤ የካሜራውን መዝጊያ ድምፅ ከሩቅ ይልመደው። ድምፅ አልባ መዝጊያ ያለው ካሜራ ከያዛችሁ ተጠቀሙበት፤ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ምስሉን በፍጥነት በማያነብበት ካሜራ ላይ ግን የሚራገብ ክንፍ ጠምዝዞ ሊያወጣ ስለሚችል ለቆመ እንስሳ አድርጉት።

ዝቅ ማለቱ ለፎቶውም ትልቅ ጥቅም አለው። ሌንሱ ከእንስሳው ዓይን ጋር ሲስተካከል ከጀርባው የሚታየው ነገር ከእግሩ ሥር ያለው ጭቃ መሆኑ ይቀርና ሩቅ ያለው ዳርቻ ይሆናል። ሩቅ ስለሆነም ይደበዝዛል፣ ወፉ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ልስላሴ ከውድ ሌንስ ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። ቆማችሁ ያነሣችሁትንና ተኝታችሁ ያነሣችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፍረዱ። ስትነሡም ነገር አለው፤ ወፎቹ አልፈው እስኪሄዱ ጠብቁ፣ ወይም ወደ ኋላ እየተሳባችሁ ውጡ። በመካከላቸው ብድግ ያለ ሰው የዚያን ዕለት ቦታውን ለራሱም ለሌላውም ያበላሻል።

መደበቂያ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የፎቶ አንሺዎች ማድፈጥ ረጅም ታሪክ አለው። የእንግሊዞቹ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ወፎችን ለማንሣት ውስጡ ባዶ በሆነ ሰው ሠራሽ በሬ ውስጥ ገብተው ያደፍጡ ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ ደግሞ ሌሊት በጀልባ በዝግታ እየተንሳፈፈ አጋዘኖችን በፍላሽ ያነሣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1906 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት 74 ፎቶዎቹን አትሟል። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው ምርጡ መደበቂያ መኪና ነው። እንስሳት መኪናን የሚፈሩት በር ሲከፈትና ሰው ሲወርድ ነው። ሞተሩን አጥፉ፤ ንዝረቱም ፎቶውን ያደበዝዛል። በእግር ከሆነ ደግሞ ቀለሙ የደበዘዘ ሰፊ ጨርቅ ራስን፣ እጅንና ካሜራውን ሸፍኖ ይበቃል። የሰው ቅርጽ መሰበሩ ከጨርቁ ቀለም ይበልጣል፤ ፊትና እጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያጋልጣሉ። ድንኳን መሰል መደበቂያ ላላቸው አንድ የቆየ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ ከዚያ አንዱ በግልጽ ወጥቶ ይሂድ። ብዙ ወፎች ሰው ሄደ ብለው ቶሎ ይረጋጋሉ።

ወደ መሣሪያው እንግባ። ከሌንሱ በፊት ግዙ የምለው በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ነው። በላዩ 8x42 የሚል የተጻፈበት መነጽር ስምንት ጊዜ ያጎላል፤ 42 የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ 5 ሚሊሜትር ያህል መሆኑን ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ በማለዳና በምሽት ጥሩ ያሳያል። ቀደም ብዬ ያልኩትን የመንጋጋ ነገር ከሩቅ ልታዩ የምትችሉት በዚህ ነው። ካሜራ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ፎቶ ያነሣል፣ ጥቂት ያያል።

ሌንስን በተመለከተ ከ100 እስከ 400 ወይም ከ150 እስከ 600 የሚደርስ ዙም ለአማተር ከበቂ በላይ ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ምስሉን በ1.5 ወይም በ1.6 እጥፍ ያጠበዋል፤ 400 ሚሊሜትሩ እንደ 600 ወይም 640 ያሳያል። ለዱር እንስሳት ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ስለሆነ፣ ሙሉ ሴንሰር (እንደ ድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ሰፊ የሆነ) ያለው ካሜራ ካልሆነ አይሆንም የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የሌንስ ማራዘሚያ የሚባለው ቁራጭ ነገር ግን አስልታችሁ ግዙት። 1.4 እጥፍ የሚያረዝመው ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ 2 እጥፍ የሚያረዝመው ሩቡን ብቻ ያስቀራል። የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በኤፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ኤፍ 5.6 የነበረው ሌንስ በመጀመሪያው ኤፍ 8፣ በሁለተኛው ኤፍ 11 ይሆናል። ማለዳ ላይ ይህ ከባድ ዋጋ ነው፤ አውቶፎከሱም ሊዘገይ ይችላል። እኔ 2 እጥፍ የሚያረዝመውን ለማንም አልመክርም።

መደገፊያ ያስፈልጋችኋል፤ ከሁሉ የምወደው ደግሞ የጥራጥሬ ከረጢት ነው። ጠንካራ ጨርቅ ሰፍታችሁ ጥራጥሬ ሙሉት፤ የመኪና መስኮት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ ስታስቀምጡት የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ይተኛል። ባዶውን ይዛችሁ ተጉዛችሁ ስትደርሱ መሙላት ትችላላችሁ። ብዙ ለሚራመድ ሰው ባለ አንድ እግር መቆሚያ ይሻላል። ባለ ሦስት እግሩ ለመደበቂያ ውስጥ ነው። በሌንሱ ውስጥ ያለው የንዝረት መከላከያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ይቀንስ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አያቆምም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ደግሜ እለዋለሁ፤ የሚራመድ እንስሳን የሚያቆመው የመዝጊያው ፍጥነት ብቻ ነው።

ፍጥነቱስ ምን ያህል? የተኛ ወይም የቆመ እንስሳ በሰከንድ 1/250 ይበቃዋል፣ የሚራመድ 1/500፣ የሚሮጥ 1/1000 እና ከዚያ በላይ፣ የሚበር ትንሽ ወፍ 1/2000 ወይም 1/3200። ካሜራዬን የማዘጋጀው እንዲህ ነው፦ ፍጥነቱንና አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) በእጄ እወስናለሁ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ለካሜራው እተዋለሁ። አይኤስኦ 6400 ደርሶ ፎቶው ቢሻክር አልጨነቅም። የሻከረ ፎቶ በኮምፒውተር ይለሰልሳል፤ የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አይድንም።

ካሜራ ብርሃንን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ጥቁር ጥላ ፊት ለፊት የቆመ ነጭ ወፍ ላባው ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ የብርሃን ማካካሻውን ወደ መቀነስ፣ አንድ ደረጃ ያህል (ብርሃኑን በግማሽ) ዝቅ አድርጉ። ብሩህ ሰማይ ላይ የሚበር ጥቁር ወፍ ደግሞ ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሩ። ይህንን ቁልፍ ዓይናችሁን ከካሜራው ሳታነሡ በጣት ብቻ ማግኘት እስክትችሉ ቤት ተቀምጣችሁ ተለማመዱ። ፋይሉንም በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ዓይነት፣ ያዙ፤ የተቃጠለ የሚመስለውን ላባ በከፊል የሚመልሰው እሱ ነው።

የትኩረት ነጥቡ ዓይን ላይ ይሁን። በ400 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 5.6፣ 10 ሜትር ላይ ላለ እንስሳ በሙሉ ሴንሰር ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ5 ሜትር ወደ 5 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ካሜራው ትከሻውን ከያዘ ዓይኑ ጠፋ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ዓይንን ራሳቸው ይፈልጋሉ፤ ቅርንጫፍና ሣር በመካከል ሲገባ ግን ይታለላሉ። ስለዚህ ወደ አንድ ትንሽ ነጥብ በፍጥነት የሚመልሳችሁ ቁልፍ ይኑራችሁ። የፎከሱን ሥራ ከመዝጊያው ለይቶ ከጀርባ ላለው ቁልፍ መስጠትም ይረዳል፤ እንስሳው ሲቆም ጣታችሁን ታነሣላችሁ፣ ሲንቀሳቀስ ትጫናላችሁ።

ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገቡ ካሜራውን ቶሎ ከቦርሳው አታውጡ። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ መስተዋት ሲነካ ጤዛ ይሠራል፤ አንዳንዴም በሌንሱ ውስጥ። ቦርሳውን እንደተዘጋ ተዉትና ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሚሞሪ ካርዱን ግን ውጭ ሳላችሁ አውጡት፤ ያኔ ቦርሳውን ለመክፈት አትቸኩሉም።

ስለ ጎጆ ያለኝ አቋም የጠነከረ ነው፦ ጀማሪ ጎጆ ፎቶ አያንሣ። ወፏ ጎጆዋን ትታ በራቀች ቁጥር እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ወይም በፀሐይ ይበስላል፤ እኛ የረገጥነው ሣር ደግሞ ለአዳኝ እንስሳ መንገድ ያሳያል። ፎቶው እንዲጠራ ብሎ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚያነሣ ሰው ጫጩቶቹን ከፀሐይና ከጭልፊት የሚከልለውን ጣሪያ ነው የሚያፈርሰው። ለሰውም አደጋ አለው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሆስኪንግ እ.ኤ.አ. በ1937 ጎጆዋ አጠገብ ሊያነሣት በሄደ ጊዜ ጉጉት በጥፍሯ መታችውና አንድ ዓይኑን አጣ። በስልክ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትንም አልወደውም፤ ወንዱ ግዛቴ ተደፈረ ብሎ መመገቡን ትቶ ይንገላታል። ሥጋ እየጣሉ አዳኝን ማልመድ ደግሞ ከሰው ጋር ያጋጨዋል፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ የእንስሳው ሞት ነው። የተገራ እንስሳ አንሥቶ የዱር ነው ማለትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ታላቅ ዓለም አቀፍ ውድድር የአጥር በር የሚዘል ተኩላ የሚያሳየውን የአሸናፊ ፎቶ ሰርዟል፤ ዳኞቹ ተኩላው የተገራ ሳይሆን አይቀርም ብለው ስለወሰኑ ነው። ያነሣችሁትን እንዴት እንዳነሣችሁት ጻፉ፤ መናፈሻ ውስጥ ከሆነ መናፈሻ በሉ።

ቤት ስትመለሱ ፎቶዎቹን በዚያው ቀን አትምረጡ። ድካሙ ገና ከልባችሁ ስላልወጣ መካከለኛውን ሁሉ ታስቀራላችሁ። ካርዱን ወደ ሁለት ዲስክ ገልብጡና በማግሥቱ ዓይን ዓይኑን እያጎላችሁ እዩ፤ ዓይኑ ያልጠራውን ያለ ርኅራኄ አጥፉ። ከፎቶው ጋር ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና እንስሳው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ጻፉ። ለሌላ ሰው ከማሳየታችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ የቦታ መረጃ ካለ አጥፉት። ስልክ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ካሜራም ቦታውን ይመዘግባል፤ ለአዳኝና ለጫጩት ነጋዴ ትክክለኛውን ቦታ የሚጠቁም መረጃ ነው። ጽሑፍ ላይም የአካባቢውን ዓይነት፣ ለምሳሌ ረግረግ ወይም ጫካ ማለት ይበቃል።